የአሥራ አራት ቁጥር ግራ እጅ

ጠቅ። ከዚያ ዝዝዝ የሚል ረጅም ድምፅ፤ ቀጥሎም ሳቅ የማያውቀው የሴት ድምፅ፦ «ይጠብቁ፤ አገናኛለሁ።»

ዛሬ ስልክ በየኪሱ ገብቶ ያ ድምፅ ከምድረ ገጽ ጠፍቷል። አራሚው ግን እስከ ዛሬ በጆሮው ውስጥ ይዞት ይኖራል። ያን ጊዜ ገና ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። አራሚ ሆኖ በሚሠራበት ማተሚያ ቤት ምድር ቤት፣ ቀለምና እርጥብ ወረቀት በሚሸትበት ክፍል፣ ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ስልክ ነበረች። በእርሷ እየደወለ በአንድ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ያነጋግራል። በመካከል ያለችው ስልከኛ ታገናኘዋለች፤ ወሬው ገና መጣፈጥ ሲጀምር ግን «ሦስት ደቂቃዎ አልቋል» ብላ ጠቅ ታደርገዋለች። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና፣ «እህቴ፣ አንቺን ፍቅር ይዞሽ አያውቅም?» አላት። መልሷ «መስመሩ ተይዟል» ብቻ ሆነ።

ከስድስት ወር በኋላ ልጅቷን ለማግባት ፈቃድ ሊጠይቅ አዲስ ኮት ለብሶ ቤታቸው ሄደ። በሩን የከፈቱት ሴትዮ ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «ይጠብቁ፤ አገናኛለሁ» አሉት። ስልከኛይቱ ለካ የልጅቷ እናት ኖረዋል!

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈው። አማቱ ጡረታ ወጥተው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ከጀመሩም ቆይተዋል። እሱን ግን ዛሬም የሚጠሩት «ሙሽራው» እያሉ ነው፤ ጠጉሩ ሸሽቶ ሸሽቶ ከጆሮው ጀርባ ቢደርስም።

የአራሚ ዕጣ እንግዳ ዕጣ ነው። መጽሐፍ ያለ ስሕተት ሲወጣ ደራሲው ይመሰገናል፤ ስሕተት ሲገኝበት «አራሚው ማን ነው?» ይባላል። አንድ ጊዜ አንድ ደራሲ በመቅድሙ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ መብራት የጠፋ ጊዜ ሻማ ያበደረውን ጎረቤቱን፣ እንዲያውም ረቂቁ ላይ ተኝታ ያሞቀችለትን ድመቱን ሳይቀር አመሰገነ። አራሚው በስሞቹ መካከል የጎደሉትን ሰረዞች ሁሉ አስገባ። የራሱን ስም ሁለት ጊዜ ፈለገው፤ ፊደል ለቃሚው ዘሎት ይሆናል ብሎ ከዋናው ረቂቅ ጋር አመሳከረው። አልተዘለለም፤ ከመነሻውም አልነበረም። ያን ቀን ለሚስቱ «ከድመት አነስኩ» አላት። እርሷም «ድመቷ ቢያንስ አሞቀችለት፤ አንተ ሥራህ ማቀዝቀዝ ነው» ብላ ሳቀችበት።

እንግዲህ ይህ ቁጭት በሆዱ ተቀምጦ ሳለ ነው፣ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ አንድ ማስታወቂያ ያነበበው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ የሚያስተዳድረውን፣ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ በጀርባው የሚታዘለውን፣ የሚሠራ አንድ ድርጅት አዲሱን እትም ሳይጨርስ «ቤታ» የሚባል የሙከራ እትም ለፈቃደኞች ይሰጣል። እነርሱ በየቤታቸው ጭነው ይሞክሩታል፤ ያገኙትን ስሕተት ለድርጅቱ ያስታውቃሉ።

«ፕሩፍ በሉት እንጂ!» አለ አራሚው። በማተሚያ ቤት ፕሩፍ ማለት መጽሐፉ ሳይባዛ ለአራሚ የሚወጣው የመጀመሪያ ወረቀት ነው። «ኮምፒውተርም ፕሩፍ አለው ለካ!»

ከዚያ ወዲህ የሙከራ እትም በመጣ ቁጥር በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሳይጭን አይውልም፤ አያድርም። ላፕቶፑ ባትሪው ከአሥር ደቂቃ በላይ አይዝም፤ በግድግዳው ላይ ያለው ሶኬትም ስለላላ ገመዱ በትንሽ ንቅናቄ ይወልቃል። ቤተሰቡ ያላየው ጉድ የለም። አንዱ እትም ሰዓቱን በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። ሌላው ማተሚያውን ቀስቅሶ አርባ ባዶ ወረቀት አስተፋው። በሕንፃው የሚኖረው ጎረቤት ሁሉ አዲስ እትም ሲመጣ «እስቲ ቀማሹን ጠይቁት፤ ቀምሶ ካልሞተ እኛም እንጭናለን» ይባባላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና «ቀማሹ» የሚለውን ቅጽል ስም እሱ የሰማው ከሁሉ በኋላ ነው።

የሚልከው ሪፖርት ደግሞ ልጅ ሳለ በተማረው የደብዳቤ አጻጻፍ ሥርዓት ነበር። «ለክቡር የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ ክፍል። ጉዳዩ፦ ሰዓት ወደ ኋላ ስለ መሄዱ። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ከላይ በርእሱ እንደ ተገለጸው…» እያለ ይቀጥልና «ግልባጭ፦ ለፋይል» ብሎ ይዘጋዋል። መልሱ ሁልጊዜ «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል የማሽን መልስ ነው። በአራተኛው ዓመት ሚስቱ ከትከሻው በላይ አየችና፣

«አንተ፣ ይህ ሳጥን እኮ ከአምስት መቶ ፊደል በላይ አይቀበልም» አለችው።

«እና?»

«እናማ እነሱ ዘንድ የሚደርሰው ሰላምታህ ብቻ ነው። ስሕተቱ በር ላይ ይቀራል።»

አራት ዓመት ሙሉ ለካ ሰላምታ ሲልክ ኖሯል! ከዚያ ወዲህ ሰላምታውን አልተወም፤ ሪፖርቱን ግን «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እያለ ከፋፈለው።

ይህን ሁሉ ድካም የሚደክመው ለአንዲት ገጽ ሲል ነው። ከእያንዳንዱ የተጠናቀቀ እትም ጋር አንዲት የምስጋና ገጽ ትመጣለች፤ ከባድ ስሕተት ያገኙ ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ያልፍባታል። ደንቡ፣ ለአንድ ግኝት አንድ ስም ነው። አራሚው በየዓመቱ ያቺን ገጽ ከአንደኛው ስም እስከ መጨረሻው ያነባል። የራሱን ስም አንድ ቀን እዚያ ማየት ነበር ምኞቱ፤ ከድመት በላይ መሆን።

በዚህ ዓመት የመጣው የሙከራ እትም ግን ጨዋ ሆነበት። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንከን አጣበት፤ እንከን ያጣ አራሚ ደግሞ የተጣላ ሰው ይመስላል።

በዚያ ላፕቶፕ የሚጠቀም ሌላ ሰውም ነበር። አማቱ በየወሩ ለጥንት የሥራ ጓደኞቻቸው፣ ለአሥራ ዘጠኝ ጡረተኛ ስልከኞች፣ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ማን የዓይኗ ሞራ ተገፈፈላት፣ ማን የልጅ ልጅ ዳረች፣ ማን አረፈች። በስልክ ቤት ሳሉ ሁሉም የሚጠራሩት በመቀመጫቸው ቁጥር ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። አማቱ አሥራ አራት ቁጥር ናቸው። ከእነርሱ ሁለት ፎቅ በላይ ደግሞ ሃያ ሁለት ቁጥር ይኖራሉ። ሁለቱ ሴቶች ለሃምሳ ዓመት ተዋደው ለሃምሳ ዓመት ተፎካክረዋል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣

«ሙሽራው! ና ወዲህ! ደብዳቤዬን ምን አደረግኸው?» የሚል ድምፅ ከሳሎን ተሰማ።

«እኔ? ምንም አላደረግሁም እማማ።»

«ትናንት ሁለት ገጽ ጽፌ አስቀመጥሁ። ዛሬ ብከፍተው እንደ ታጠበ ሳህን ነጭ!»

እውነትም ፋይሉ አለ፤ ስሙ አለ፤ ቀኑ አለ፤ ውስጡ ባዶ። የአራሚው ልብ በደስታ ዘለለ። እሱም ጽፎ አስቀመጠ፤ መልሶ ቢከፍተው ሙሉ ነው። አሥር ጊዜ ሞከረ፤ አሥር ጊዜ ሙሉ። ልቡ ወደ ቦታው ተመለሰና መናገር የሌለበትን ተናገረ።

«እማማ፣ ምናልባት ሳያስቀምጡት ዘግተውት ይሆናል። ያው በዕድሜ ምክንያት…»

በቀይ እስክሪብቶ ቢሰርዘው በወደደ፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«በዕድሜ ምክንያት?» አሉ አማቱ ቀስ ብለው። «ሠላሳ አንድ ዓመት በቀን ስድስት መቶ መስመር ሳገናኝ የከንቲባውን ስልክ ከሥጋ ቤት ጋር አላጋጨሁም። ዛሬ አንዲት ደብዳቤ ማስቀመጥ ያቅተኛል?»

ደብዳቤውን እንደገና ጻፉት፤ እንደገና ባዶ ሆነ። ሊጫወቱ ወደ ላይ ቢወጡ ሃያ ሁለት ቁጥር ሳቁባቸው። «አንቺማ ጃጅተሻል! ባለፈው ሳምንት መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰክተሽ ስትፈልጊው አላየሁም?» አሏቸው።

ከሥራ ስትመለስ ሚስቱ አራሚውን ወደ ማድ ቤት ጎተተችው።

«እማዬን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ስትወርድ ደረጃውን እየቆጠረች ነው።»

«ለምን?»

«ቁጥር ይጠፋብኝ እንደሆነ ልይ ብላ ነዋ። አንተና ያቺ ሃያ ሁለት ቁጥር እማዬን ልታሳብዷት ነው!»

አራሚው እፍረት ያዘው። ያንኑ ማታ ሪፖርቱን በአራት ክፍል አድርጎ ላከው። በማግሥቱ ከቀትር በፊት፣ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሰው መልስ መጣለት። መሐንዲሱ እንዲህ ይላል፦ እዚህ ሞክረን ስሕተቱን አላገኘነውም። እውነት ከሆነ ግን የሰው ጽሑፍ የሚያጠፋ ከባድ ስሕተት ነውና እትሙን እናቆመዋለን። እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ ስሕተቱ እንዴት እንደሚፈጠር ደረጃ በደረጃ ይላኩልን፤ አለዚያ እትሙ ለሕዝብ ይለቀቃል። ከተረጋገጠ ስሙ በምስጋናው ገጽ ስለሚወጣ የአግኚውን ሙሉ ስም ይጻፉ።

ደብዳቤውን ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ወደ አማቱ መኝታ ቤት ሄዶ በሩን መታ።

«እማማ፣ እንዴት እንደሚያስቀምጡት አንድ ጊዜ ብቻ ያሳዩኝ።»

«መስመሩ ተይዟል» አለ ከውስጥ ያ የጥንት ድምፅ።

ከምሳ በኋላ ተመለሰ። «የጠሩት ሰው ከቦታው የለም።»

በእራት ጊዜ ጨው አነሰበት። «እማማ፣ ጨውን ቢያቀብሉኝ።»

«ይጠብቁ» አሉና የራሳቸውን ጎርሰው ተነሡ። ጨዋ ልጅ ነውና ያለ ጨው በላ።

«ይቅርታ ጠይቃት እንጂ!» አለች ሚስቱ።

«ጽፌ በበሩ ሥር አሾልኬላቸዋለሁ እኮ።»

«ጽፈህ? ምን ብለህ?»

«ጉዳዩ፦ ይቅርታ ስለ መጠየቅ።»

ሚስቱ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። የይቅርታው ደብዳቤ ሐሙስ ጠዋት በመጣበት በር ሥር ተመለሰ። በኅዳጉ ላይ በጥንቃቄ እጅ ጽሕፈት፣ «ግልባጩ ለሃያ ሁለት ቁጥር በአካል ይድረስ» ተብሎበታል።

ምን ያድርግ! ሁለት ፎቅ ወጣ። ሃያ ሁለት ቁጥር ጠጉራቸውን በቢጎዲን ጠቅልለው በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱለት።

«አማቴ አልጃጁም» አለ አራሚው እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ። «ስሕተቱ የማሽኑ ነው።»

«ማስረጃ አለህ?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያውስ ስታገኝ አምጣልኝ። ወሬ በባዶ እጅ አልቀበልም።» በሩ ተዘጋ።

ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት አማቱ፣ ይቅርታው ለሃያ ሁለት ቁጥር በአካል መድረሱን ሰምተው ኖሮ፣ ከመኝታ ቤታቸው ወጥተው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። አራሚው ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ከኋላቸው ቆመ። ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። አንድ መስመር ጻፉ፤ አስቀመጡ፤ ከፈቱ። ባዶ!

እሱ ተቀመጠ፤ ያንኑ መስመር ጻፈ፤ ያንኑ ምልክት በማውሱ ተጫነ። ሙሉ።

እሳቸው፤ ባዶ። እሱ፤ ሙሉ።

«እማማ፣ ይህ ነገር እርስዎን ፈርቶ ነው የሚጠፋው?»

«አንተን ንቆ ነው የማይጠፋው» አሉ።

አምስት ሰዓት ሆነ። እሳቸው ለሰባተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ስክሪኑ ድርግም አለ፤ ገመዱ ከሶኬቱ ወልቋል። አራሚው በጉልበቱ ተንበርክኮ በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ተወሸቀ፤ ገመዱን ሰክቶ ሊነሣ ሲል እንደገና ወለቀ።

«እዚያው ሆነህ ያዘው» አሉ አማቱ። «ደግሞ አትንቀሳቀስ።»

ስለዚህ አንድ እጁን ወደ ሶኬቱ ዘርግቶ፣ አገጩን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ቀረ። ከዚያ ቦታ ስክሪኑ አይታይም፤ የሚታየው ጀርባውና በጎኑ በኩል የቁልፎቹ ሰሌዳ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ጽሑፍ ጽሑፉን ብቻ ሲያይ የኖረው ሰው የሚያየው ጽሑፍ አጣና፣ ከዚያ በፊት ልብ ያላለውን አየ። የአማቱን እጆች።

ቀኝ እጃቸው ማውሱን ይዟል። ሊያስቀምጡ ሲሉ ግራ እጃቸው ከጭናቸው ተነሣ፤ ትንሿ ጣት በቁልፎቹ ሰሌዳ በግራ ጥግ፣ ከግርጌ ባለችው ቁልፍ ላይ አረፈችና ጫን አድርጋ ያዘቻት። ቀኝ እጅ ማውሱን ጠቅ አደረገ። ጣቲቱ አልተነሣችም። አማቱ ትንሽ አደመጡ፤ ከዚያ ለቀቋት።

«እማማ! ግራ እጅዎ ምን እያደረገ ነው?»

«የቱ ግራ እጅ?» አሉና የጎረቤት ዕቃ እንዳገኘ ሰው እጃቸውን አዩት። «አሃ… መስመር ይዟላ!»

«የምን መስመር?»

«በስልክ ቤት ቀኝ እጅህ ገመዱን ሲሰካ ግራ እጅህ ቁልፉን ተጭኖ ይይዛል። የሁለቱን ሰዎች ድምፅ ሳትሰማ ከለቀቅኸው መስመሩ ይወድቃል። መስመር ሳይዝ ማን ያገናኛል?»

አራሚው ሲነሣ ራሱን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ፤ ሕመሙ እንኳ አልተሰማውም። ገመዱን በወንበር እግር አስደገፈና ተቀመጠ። ጻፈ። በግራ ትንሽ ጣቱ ያቺን የጥግ ቁልፍ ተጭኖ ይዞ፣ በቀኙ አስቀመጠ። ከፈተ።

ባዶ!

«ጠፋ!» ብሎ ጮኸ። «እማማ፣ የእኔም ጠፋ! ተመስገን!»

በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሰላምታ ጻፈ፤ አንደኛ ቁልፉን ይጫኑ፣ ሁለተኛ ሳይለቁ ያስቀምጡ፣ ሦስተኛ ጉዳችሁን እዩ። ሰዓቱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ጠባብ ሳጥን ቀረች፤ «የአግኚው ሙሉ ስም»።

ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፈ። አየው። አማረበት። በምስጋናው ገጽ ላይ ከታች ወደ ላይ ሲያልፍ በዓይነ ልቡናው ታየው። ሪፖርቱን የጻፈው እሱ፤ ጉልበቱን የላጠው እሱ፤ አሥራ አንድ ዓመት የቀመሰው እሱ። ማን ይጠይቀዋል?

ከኋላው ወንበር ላይ አማቱ ትንሿን ጣታቸውን በጉልበታቸው ላይ እየተጫኑና እየለቀቁ ለማንም ሳይሆን፣ «አልጃጀሁም ለካ» አሉ።

አራሚው ስሙን ደግሞ አየው። ፊደሉ አልተሳሳተም፤ ግን ስሕተት ነበር። ቢያንስ ለሁለት ይሆናል ብሎ ከስሙ ኋላ «እና» ብሎ የሳቸውን ሊጨምር ቢሞክር ሳጥኑ በቀይ ቀለም «አንድ ስም ብቻ» ብሎ ጮኸበት። ቀይ ቀለም በራሱ ላይ ሲዞርበት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁሉንም ሰረዘው።

«እማማ፣ የአያትዎ ስም ማን ነበር?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«ለፋይል ነው።»

ነገሩት። ጻፈው፤ ላከው።

የእትሙ መውጫ ቀን ለሁለት ሳምንት ተገፋ። ሚስቱ በደስታ ብዛት ለመድኃኒት ቤቱ ደንበኛ ሁሉ የባሏ ስም ሊወጣ መሆኑን ከኪኒኑ ጋር እየጨመረች ትነግር ጀመር። እሱ «እንግዲህ እናያለን» እያለ አንገቱን ይሰብራል።

የተጠናቀቀው እትም ሲመጣ አራሚው በአሮጌው ላፕቶፕ ጭኖ ሚስቱንና አማቱን ሳሎን ጠራቸው። የምስጋናው ገጽ ተከፈተ። ስሞቹ ከታች ወደ ላይ መንሸራተት ያዙ። ሚስቱ በጣቷ እየተከተለች፣

«ያንተ የታል? አለፈ እንዴ? መልሰው!» ስትል ቆየችና ጣቷ ድንገት ቆመ። «ውይ… እማዬ!»

አራሚው ገጹን ገታው። አማቱ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ሦስቱን ስሞች፣ የራሳቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ ድሮ የተጠየቀ ቁጥር እንደሚያረጋግጡት አንድ በአንድ አነበቡ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ‹ማን ልበል?› ለሚለኝ ሁሉ አሥራ አራት ቁጥር ነበር የምለው» አሉ። ዞር ብለውም፣ «ያንተስ ስም?» አሉት።

«እኔማ አራሚ ነኝ እማማ።»

ሚስቱ ዓይኗን ጠረገች። አማቱ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉት።

«የዚህ ነገር ባትሪ ስንት ደቂቃ ይይዛል?»

«አሥር። ብዙ ቢባል።»

«ሁለት ፎቅ ነው» አሉ ለራሳቸው። ጎንበስ ብለው ገመዱን በቀኝ እጃቸው ከሶኬቱ ነቀሉት። ጠቅ። ላፕቶፑን እንደ ተከፈተ በግራ ክንዳቸው ላይ አስተኙት፤ ትንሿ ጣታቸውም መስመሩ እንዳይወድቅ የጥግ ቁልፏን ተጭና ያዘች። የተነቀለውን ገመድ ለሙሽራው አስጨበጡትና፣ ደህና ዋል ሳይሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ ሳይሉ፣ ደረጃውንም ሳይቆጥሩ፣ ወደ ሃያ ሁለት ቁጥር ወጡ።